ያቋረጥኩት ዳጉ

ቆቦ፣ ኅዳር 2001 ዓ.ም.

ለልጄ ለፈሪድ፣ አሰብ

አሰላሙ ዐለይኩም። ደህና ነህ ብዬ ልጀምር። እኔ አልሐምዱሊላህ አለሁ፤ ጉልበቴ ብቻ አልታዘዝ ብሎኛል። ዘንድሮ ዝናቡ ቶሎ ቆርጦ ማሽላው ፍሬ ሳይዝ ደረቀ። አብሽር፣ አልተራብንም። አክስትህ ኡሙሃኒ ቤቷ አስገብታኝ «ኧረ ብላ! ኧረ ጠጣ!» እያለች ስትጨቀጭቀኝ ነው የምትውለው። ይህን የምጽፍልህ ገበያው ዳር ግራር ሥር ተቀምጬ፣ ሁመድን እየጠበቅኩ ነው።

አሰብ ወደብ ጆንያ እየተሸከምኩ ስኖር «የቆቦው» ነበር የምባለው። ጦርነቱ አባሮ እዚህ ሲጥለኝ ደግሞ የገዛ አገሬ ሰው «የአሰቡ» ይለኝ ጀመር። ጉድ እኮ ነው! ክረምት ላይ የጎሊና ወንዝ ሞልቶ ሲያገሳ ባሕሩ እየመሰለኝ ብድግ እላለሁ።

አንተ ግን «እናቴን አፈር አልብሼ ለብቻዋ ትቻት አልሄድም» ብለህ ከዓሣ ማጥመጃ ጀልባህ ጋር ቀረህ። ልጅህ ራዊያ ትከሻህ ላይ ሆና እጇን ስታወዛውዝልኝ አሁንም ይታየኛል። መንገዱም ስልኩም ከተዘጋ ወዲህ ወሬህን የሚያመጣልኝ ያው ሁመድ ነው፤ የሚስትህ የሀስና አጎት፣ በበረሃው ድንበር የሚያቋርጠው ግመል ነጋዴ። አላህ ይስጠው፤ እሱ ባይኖር አብጄ ነበር።

የአፋሮቹን ዳጉ አንተ ከእኔ በላይ ታውቀዋለህ። ሲገናኙ ቁጭ ብለው ያዩትን የሰሙትን ከመነሻው ጀምረው ቦታ በቦታ ይነጋገራሉ። ዳጉ ውስጥ ውሸት የለም። መሃል ገብቶ ማቋረጥም ትልቅ ነውር ነው።

ከጥቂት ወራት በፊት ሁመድ እዚሁ ግራር ሥር ተቀምጦ አሰብን አንድ በአንድ ነገረኝ። ጨው ማድረቂያው እንደነጣ አለ፤ ጨው የሚያነሳ ሰው ግን የለም። ወደቡ ላይ ክሬኖቹ ቆመው ዝገዋል። መርከብ የለ፣ ጩኸት የለ። ያ ከባሕር ድንጋይ የተሠራው የየመኑ ነጋዴ ቤትስ ትዝ ይልሃል? ጥላው ሥር ቁጭ ብለን፣ ከኢጣሊያኖቹ በፊት ማን እንደሠራው፣ ስንት ጀልባ እንደነበረው ስነግርህ፣ አንተ «ዓሣ ግዛልኝ» እያልክ ትነዘንዘኝ ነበር። የእንጨት መስኮቱ ወድቆ ፍየል ያድርበታል አለኝ። ወላሂ አለቀስኩ። በሰው ቤት ምን አስለቀሰህ ትለኝ ይሆናል። ታሪኩን ያወሩልኝ ሽማግሌዎች አልቀዋል፤ እኔ እዚህ ማሽላ መሃል ቁጭ ብዬ ለማን ላውራው?

ባሕሩ ዳር ያለው መስጊድ ግን ቆሟል፤ አዛን ይባልበታል። ከዚያ ሁመድ ከመስጊዱ ጀርባ ወዳለው መቃብር አለፈ። «የሚስትህ የራህመት መቃብር ደህና ነው። ፈሪድ ዙሪያውን ዛጎል ደርድሮበት ነበር። ከጎኗ ደግሞ አዲስ...» ሲል እጁን ያዝኩት።

«በቃ!» አልኩት።

ደንግጦ አየኝ። በዕድሜው ዳጉ ያቋረጠው ሰው ያለ አይመስለኝም። እኔም ግመል ስንት ወጣ ብዬ ጠየቅኩት። ከዚያ ወዲህ ገበያ በመጣ ቁጥር ፊት ለፊቴ ቁጭ ብሎ እንድጠይቀው ይጠብቃል። አልጠይቀውም! አዲሱ ነገር የማንም መቃብር ሊሆን ይችላል። አሰብ ውስጥ ሰው ሞልቷል። አንተ ደግሞ ዋና የምታውቅ፣ ጀልባህ ጠንካራ፣ ምን ትሆናለህ?

ፈሪድ፣ በአላህ ይዤሃለሁ፣ ጀልባውን ትተህ ናልኝ። እናትህ አትቀየምህም፤ እኔ አውቃታለሁ። ኡሙሃኒ ጓሮ ውስጥ ቤት ሠርቼልሃለሁ፣ ቆርቆሮም መትቼበታለሁ። በሩን አብረን እንገጥመዋለን ብዬ ትቼዋለሁ።

እዚህ ላይ ስደርስ ሁመድ ግመሎቹን ጭኖ መጣ። «ይህን ለፈሪድ አድርስልኝ፤ ልጨርሰው ነው» አልኩት። የግመሉን ጭነት ገመድ አጠበቀ። ከዚያ ቀስ ብሎ «ኤሊዳር ላለችው ለራዊያ እሰጣታለሁ» አለኝ። «ከእናቷ ጋር ድንበሩን ተሻግረው እኛ ዘንድ ናቸው።»

«ፈሪድስ?» አላልኩትም። እሱም የሚዋሽልኝ ሰው አይደለም።

ራዊያ፣ የልጄ ልጅ፣ ፊደሉ ከከበደሽ እናትሽ ታንብብልሽ። እዚያ አትቀመጡ፤ ሁመድን ተከትላችሁ ወደኔ ኑ። አላህ በመንገዳችሁ ውኃና ጥላ አያሳጣችሁ። በሩን እኔው እገጥመዋለሁ። የየመኑን ነጋዴ ቤት፣ መስጊዱን፣ ወደቡን፣ ለአባትሽ እንዳወራሁለት አወራልሻለሁ። አንቺም የአባትሽን ከመነሻው ጀምረሽ ትነግሪኛለሽ። አላቋርጥሽም።

አያትሽ ታሂር