የጸዮን ምላጭና የእኔ ዓይን

ለውድ እህቴ ለእትዬ አጸደ፣

እንደምን ሰነበቱ? ጉልበትዎ ዳገቱን ያስወጣዎታል ወይስ አሁንም መንገድ ዳር አረፍ እያሉ ነው የሚደርሱት? የጋሼ ሰብስቤ ሳል ተሻለው? የዮዳሄ ፈተናስ እንዴት ሆነ? ከሁሉ ከሁሉ ዓይንዎን ልጠይቅ። ሞራው ከተገፈፈልዎ ወዲህ ራስዎ እያነበቡ ነው ብላ ዮዳሄ ስትነግረኝ የተሰማኝን ደስታ ልገልጽልዎ አልችልም። እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን፤ ብርዱ ብቻ ነው የጠናብን። ባለቤቴ መቅደስም ደህና ናት፣ ልጄ ጸዮንም ደህና ናት። ደህና ስል ግን ጤናዋን ነው፤ ሌላውን አሁን እጽፍልዎታለሁ።

በስልክ ያልነገርኩዎ ቤታችን ጠባብ ስለሆነ ነው። መቅደስ የስልኩን ድምፅ ከፍ አድርጋ ነው የምታነጋግርዎ፤ ሁሉም ይሰማል። ይህን ደብዳቤ ዮዳሄ እንዳታነብልዎ፤ ለብቻዎ ይዩት። ነገሩ ግራ ስላጋባኝ ጽሑፌ ወዲያ ወዲህ ቢል አይፍረዱብኝ።

ጸዮን በበረዶ ላይ እንደምትሽቀዳደም ያውቃሉ፤ እንዴት እንደጀመረችው ግን ነግሬዎት አላውቅም፤ አፍሬ ነው። ስምንት ዓመቷ ሳለ ከትምህርት ቤት ከሥሩ የብረት ምላጭ ያለው የበረዶ መንሸራተቻ ጫማ ይዛችሁ ኑ ተባሉ። እዚህ ሰፈራችን ዌስተን ካለ የልባሽ ዕቃ መደብር ገብቼ ሳይ፣ የአንዱ ጫማ ምላጭ ከሌሎቹ በእጥፍ ይረዝማል፤ ዋጋው ግን አንድ ነው። በአባባ የእንጨት ሥራ ቤት ያደግሁ ሰው ነኝና ብዙ ብረት ያለውን አነሳሁ። ለካስ የተሽቀዳዳሚ ጫማ ኖሯል። ሌሎቹ ልጆች ሲሽከረከሩ የኔዋ መዞር አቅቷት ቀጥ ብላ ስትፈተለክ አሠልጣኙ አየና፣ ይህችን ልጅ ወደ ፍጥነቱ ክለብ ውሰዷት አለን። የልጄ ሙያ የተጀመረው በእኔ አለማወቅ ነው ቢባል ሐሰት አይደለም።

ምላጩ በእጅ ነው የሚሳለው። ሁለቱን ጫማ ገልብጠው ጎን ለጎን ያስሩና ድንጋይ ያስኬዱበታል፤ በመጨረሻም ጠርዙ ላይ የምትቀረውን ፀጉር የምታህል የብረት ትርፍ በትንሽ ድንጋይ ይጠርጓታል። አባባ መላጊያ ሲስሉ አጠገባቸው ስላደግሁ ይህ ለኔ ጨዋታ ነበር። ሐሙስ ሐሙስ ከሥራ ስገባ ጫማው ጠረጴዛ ላይ ይጠብቀኛል። ለካናዳ ተመርጣ ፖላንድ ስትሄድ፣ ሆላንድ ስትሄድ፣ ኮሪያ ላይ ሦስተኛ ስትወጣ፣ ከሥሯ ያለው የኔ እጅ ነው እያልኩ ቤተ ክርስቲያን ደጅ ያልጎረርኩበት እሑድ የለም። ቡድኑ የራሱ ባለሙያ እያለው እሷ አባቴ ይስልልኛል ትላቸዋለች።

እትዬ፣ እኔም ሞራ ይዞኛል። ሁለት ዓመት አልፎታል። ቀኙ ጉም ለብሷል፣ ግራውም እየተከተለው ነው። ለማንም አልተናገርኩም። ብናገር ድንጋዩን ከእጄ ይወስዱብኛል ብዬ ነው እንጂ ሌላ ምክንያት የለኝም። በጣቴ እየዳሰስኩ፣ በጥፍሬ እየሞከርኩ እስል ነበር። ጸዮን አንድም ቀን ተበላሸ ብላኝ አታውቅም። እንዲያውም አባ ፐርፌክት ነው ነበር የምትለኝ፤ እኔም አምኜ ተቀመጥኩ።

ከጥምቀት በፊት በነበረው ሳምንት ለዓለም ሻምፒዮና የሚሄዱት የሚመረጡበት ውድድር ሞንትሪያል ተደረገ። ወትሮ እንድከተላት አትፈልግም፤ ዘንድሮ ግን ካልሄድኩ ብዬ ድርቅ አልኩ። ባቡር ውስጥ ጫማውን ጭኔ ላይ ይዤ ሄድኩ። ሆቴልም ከአልጋዬ ሥር አስቀመጥኩት። በማግስቱ ጠዋት ስጠኝ ልያዘው ብትለኝ፣ አንቺ ጉልበትሽን ቆጥቢ ብዬ እስከ በረዶው አፋፍ ድረስ ተሸክሜ አደረስኩላት። ሁለተኛ ሆና ስትሮጥ ቆይታ፣ ሁለት ዙር ሲቀራት ኩርባው ላይ ግራ እግሯ ከዳት። ተንሸራታ ከግድግዳው ፍራሽ ጋር ተላተመች። አልተጎዳችም። አልተመረጠችምም።

አሠልጣኟ በረዶው ተቦርቡሮ ነው አለ። መቅደስ ቁርስ አልበላችም ነበር አለች። ጸዮን ያጋጥማል አባ ብላ ዘጋችው። እኔ ግን ከዚያን ቀን ወዲህ የማስበው የሳልኩትን ምላጭ ብቻ ነበር።

ያለፈው ሐሙስ ከሥራ ስገባ ጫማው እንደ ወትሮው ጠረጴዛ ላይ ነው። ጸዮን ከሞንትሪያል ወዲህ በረዶ ረግጣ አታውቅም፤ ለኔ ብላ እንዳስቀመጠችው ገባኝ። ጥፍሬን ባስኬድበት ከጫፍ እስከ ጫፍ እኩል ይልጠዋል። እንዲህ አድርጌ ከሳልኩ ሁለት ዓመቴ ነው። ሌላ እጅ ገብቶበታል ማለት ነው። መቼ? ከውድድሩ በፊት ከሆነ የጣልኳት እኔ አይደለሁም፤ ነገር ግን ከኋላዬ ስትደብቀኝ ኖራለች። ከውድድሩ በኋላ ከሆነ ደግሞ ምን እንደጣላት አውቃለች። የቱን እንደምመኝ እንኳ አላውቅም ነበር። ጫማውን ታቅፌ ቁጭ ባልኩበት መጣች፤ ጠየቅኋት።

ከኮሪያው ውድድር ጀምሮ ዓይኔ እንደማያይ ታውቅ እንደነበር ነገረችኝ። እኔ ከሳልኩ በኋላ ልብስ መቀየሪያው ክፍል ገብታ ሁልጊዜ እንደገና ትስለው ነበር። ሞንትሪያልስ ብላት፣ ሞንትሪያል እኮ አንተ ጫማውን ከእጅህ አላወጣህም፣ ፊትህ ድንጋይ ላውጣ ወይ አለችኝ። ያስተካከለችው ከወደቀች በኋላ፣ እንከኑን እንዳላውቅ ብላ፣ እኔ ሻይ ልጠጣ ስወጣ ነው።

እትዬ፣ እዚህ ያለን ወላጆች ልጆቻችን ባህላችንን አያውቁም እያልን ስናማርር እንውላለን። ቅዳሜ ቅዳሜ አማርኛ ትማር ብዬ ወስጃት ፊደሉን እንኳ አልጨረሰችም። ይሉኝታን ግን ከየት አመጣችው? ከእኔ መሆኑ ነው እንግዲህ። አባቷን ላለማሳፈር ብላ ባልተሳለ ብረት ወጣች፤ አሥራ አምስት ዓመት የደከመችበትን ለአንድ ሰው ፊት ጣለችው። በጣም ወደድኳት። በጣምም ተናደድኩባት። ለምን አልተናገርሽም ልላት አፌን ከፈትኩና፣ እኔስ መች ተናገርኩ ብዬ ተውኩት።

አሁን አሠልጣኟ ይደውላል፤ አታነሳም። ተመለሺ ብላት ለኔ ብላ ትመለሳለች። ዝም ብል ደግሞ ተቀይሞኛል ትላለች። የቱ እንደሚሻል ግልጹን ይጻፉልኝ።

ዓይኔን ለመቅደስ ነግሬያታለሁ፤ የምላጩን ግን አልነገርኳትም። ሐኪሙ ለመጋቢት ቀጥሮኛል። ጸዮን እኔ ነኝ የምወስደው ብላለች፤ ያን ሳምንት ሌላ አገር መሆን ነበረባት። እርስዎ ፋሻው ሲፈታልዎ መጀመሪያ ያዩት ምን ነበር? እኔ የማየው የሷን ፊት ነው። ሁለት ዓመት አጥርቼ ያላየሁት ፊት ነው፤ ምን እንደምላት አላውቅም።

ለጋሼ ሰብስቤ የአክብሮት ሰላምታዬን ያድርሱልኝ። ዮዳሄን ይሳሙልኝ፤ ትንሿን ሀሴትንም ጉንጯን። መቅደስ እጅ ነስታለች። ጸዮን ለአክስቴ ምን ጻፍክ ብላ ስትጠይቀኝ ሰላም ይበሉልኝ ብቻ ነው ብያታለሁ።

ታናሽ ወንድምዎ ፀጋዘአብ
ቶሮንቶ፣ ዌስተን
የካቲት 6 ቀን 2017 ዓ.ም.