ለጉባኤው የሚነበበው ብጣሽ ወረቀት

ለምወድሽ ታላቅ እህቴ፣

እትዬ፣ ይህን ደብዳቤ በር ዘግተሽ ብቻሽን አንብቢው። ብቻሽን ነው ያልኩሽ። ጉልበትሽ እንዴት ይዞሻል? ስኳርሽስ ወረደልሽ? እኔ አምላክ ይመስገን ቆሜ እሄዳለሁ። ትከሻዬን ጠይቀሽኝ ነበር፣ ተሽሎኛል። ከባድ ነገር ከተሸከምኩ ሁለት ሳምንት ሊሆነኝ ነው።

ደብዳቤውን በእጇ የምታደርስሽ ለእረፍት ወደ አገር ቤት የምትመጣ ነርስ ናት። በፖስታ ለምን እንዳልላክሁት ወደ ታች ስትወርጂ ይገባሻል።

የዚህን አገር ነገር ተዪው። ፋብሪካው ከተዘጋ ሦስት ወር አለፈው። ሠራተኞቹ ደመወዝ ይጨመርልን ብለው ከውስጥ በሩን ከረቸሙት፣ ወታደሮቹ ደግሞ ከውጭ ከበቧቸው፤ አሁን ማን በማን ላይ እንደዘጋ እንኳ የሚያውቅ የለም። ጎልማሶችን ማንበብ የማስተምርበት ክፍል ከጎሚስታው በላይ ነው። ሰልፈኛው የሚቃጠል ጎማ ሲያጣ ወደ እሱ ይመጣል፣ እሱም እርግማኑን ያወርደዋል፤ ተማሪዎቼ ከፊደሉ በፊት ስድቡን አጠኑት። አስለቃሽ ጭስ ሲተኮስ መስኮት እንዘጋለን፤ መስኮት ስንዘጋ የጎማው ሽታ ይገድለናል። ጸሎት ስጀምር ድምፅ ማጉያ የጫነ መኪና ይመጣል፣ እሱ ሲያበቃ ሌላኛው ወገን ይቀበላል። አንዳንዴ አምላክ ራሱ ጆሮውን ደፍኖ ይሆናል እላለሁ፤ ይቅር ይበለኝ። መንገዱ ሁሉ ፍተሻ ነው። የአሮጊት ዘንቢል ሳይቀር ይበረብራሉ። የእኔን ትልቁን የመጻሕፍት ቦርሳ ብቻ ነው የማይከፍቱት፤ ሰባኪው ነው፣ ይለፍ፣ ይላሉ።

በዚህ ሁሉ መሀል የጉባኤያችን ጸሐፊ ይጽፍልኛል። ስንት ነፍስ ዳነ? ፎቶ ለምን አልላክህም? ሪፖርትህ ደረቅ ነው፣ ልብ የሚነካ ነገር ጨምርበት። ጨው ያነሰው ምግብ አደረገው እኮ!

እኔም ሞኙ ጨመርኩበት። ስለ ዳቦ ጋጋሪው ጻፍኩ።

ዳቦ ቤቱ ከጎሚስታው ፊት ለፊት ነው። ሰውዬው ቅንድቡን ዱቄት አይለየውም፣ ሆዱ ከእሱ ቀድሞ ይቀበልሻል። ሃይማኖት የሚባል አልፈጠረበትም። ባየኝ ቁጥር፣ ሰባኪው፣ የአለቃህ ቢሮ ዛሬ ክፍት ነው? ይለኛል። ክፍት ነው ስለው፣ እንግዲያው ዱቄት ጠፋ በልልኝ፣ ይላል። ይህ ሰው ፋብሪካው ውስጥ ለተዘጋባቸው ሠራተኞች በየቀኑ በጓሮ በኩል ዳቦ እንደሚልክ፣ እምነት የለኝም የሚለው እንዲህ ሲያደርግ እኛ አማኞቹ እጃችንን አጣጥፈን እንደተቀመጥን፣ አስውቤ አሳምሬ ጻፍኩት። ዳቦ ቤቱ የት እንዳለ ሳይቀር።

አንቺ ደግሞ አነበብሽው። አልወቅስሽም። እሺ፣ እወቅስሻለሁ። መድረክ ላይ ወጥተሽ በዚያ ድምፅሽ ስታነቢው ሰዉ ተላቀሰ አሉ። የመዘምራኑ መሪ ቀድቶ በስልክ በተነው። እንዲህ እያለ ባሕር ተሻግሮ እዚህ አንድ መርማሪ ጠረጴዛ ላይ አረፈ፤ በእነሱ ቋንቋ ተተርጉሞ፣ በቀይ ተሰምሮበት። ጋጋሪውን የእጁን ሊጥ እንኳ ሳያስለቅቁ ወሰዱት።

እውነቱን ልንገርሽ? ጥፋቱ ያንቺ አይደለም። ባለቤቴ በሕይወት ሳለች ደብዳቤዎቼን ከመላኬ በፊት እርሳስ ይዛ ታነባቸው ነበር። ያጋነንኩበትን መስመር ስታገኝ፣ ይቺ ለአምላክ ናት ወይስ ለጭብጨባ? ትልና ጭረት ታሳልፍበታለች። እኔ አኮርፋለሁ፣ እሷ ሻይ ታመጣልኛለች። ካረፈች አራት ዓመት ሆነ፣ እርሳሷ ግን አሁንም ጠረጴዛዬ ላይ ነው። ስለ ጋጋሪው ስጽፍ አይቼዋለሁ። አይቼ አለፍኩት።

መርማሪው ሦስት ጊዜ ጠራኝ። ትሁት ሰው ነው፤ ወንበር ስቦ ያስቀምጥሻል። ደብዳቤህ እውነት ከሆነ ጋጋሪው ዐመፀኛ በመቀለብ ይከሰሳል፣ አሥር ዓመት ይጠብቀዋል፣ አለኝ። ከራስህ የፈጠርከው ከሆነ ደግሞ ጽፈህ ፈርምልኝ፤ እሱ ወደ ምድጃው፣ አንተ በሰባት ቀን ውስጥ ወደ አገርህ። ጋጋሪውን ደግሞ፣ ዳቦውን ማን ነበር የሚያደርስልህ? ስሙን ንገረንና ዛሬውኑ ውጣ፣ ብለው ዘጠኝ ቀን ሙሉ ጠይቀውታል። የእኔ ዳቦ እግር አለው፣ ራሱ ይሄዳል፣ አለን ብሎ መርማሪው ሳቀ። እኔ መሬት መሬቱን አየሁ።

ስለ ሐሰት ምስክርነት ስንት ጊዜ የሰበክሁ ሰው ነኝ! ሁለት ቀን ተንበረከክሁ። በሦስተኛው ቀን ዳቦ ልገዛ ስሄድ የጋጋሪው ሚስት እንደ ወትሮዋ ሸጠችልኝ። አልሰደበችኝም፤ ብትሰድበኝ በተሻለኝ። ዳቦውን ጠቅልላ ሰጠችኝና፣ አንተ መጻፍ ትችላለህ አሉ፣ አለችኝ። ይኸው ነው። ከዚያው ሄጄ ፈረምኩ። ለአፍታ እንኳ አላመነታሁም፣ እትዬ። እስካሁን የሚያስፈራኝ እሱ ነው።

ጋጋሪው ትናንት ተፈታ። ዛሬ ጠዋት ላየው ሄድኩ። ከስቷል፣ ሁለት ጣቶቹ በጨርቅ ተጠቅልለዋል። ገና ሲያየኝ በተሰለፈው ሰው ሁሉ ፊት፣ አንተ ቀጣፊ! አለቃህ እንዳንተ ያለውን ነው እንዴ የሚቀጥረው? ብሎ ጮኸብኝ። ሰዉ በሳቅ ሞተ፤ ጎሚስታውም ከማዶ የራሱን ጨመረልኝ። ከዚያ አንድ ትኩስ ዳቦ ደረቴ ላይ ወርውሮ፣ ጥፋ ከዚህ! አለኝ። ዳቦውን አቅፌ ጠፋሁ።

አሁን ወደ ልመናዬ። ከዚህ ጋር አንድ ብጣሽ ወረቀት አለ። እሁድ መድረክ ላይ ውጪና ፊተኛውን ባነበብሽበት ድምፅ አንብቢው። እንዲህ ይላል፤ ስለ ዳቦ ጋጋሪው የጻፍኩት ሁሉ ከራሴ የፈጠርኩት ነው፤ ጭብጨባ ፈልጌ ነው፤ ይቅር በሉኝ። የጻፍኩት በእርሳሷ ነው። ስለ ጭብጨባው ያልኩት ውሸት እንዳይመስልሽ።

ሽማግሌዎቹ ከአገልግሎት ያግዱኛል። ያግዱኝ። ጸሐፊውም ልብ የሚነካ ነገር ሲለምን አልነበር? ይኸውለት። አንቺንም ከአዳራሹ ስትወጪ በጎሪጥ ያዩሻል፤ የከበደኝ ይህ ነው። ቢሆንም ለማንም እንዳታስረጂልኝ፣ ለምታምኛት ጓደኛሽም ቢሆን። የእኛን ጉባኤ ወሬ እዚያ መርማሪው ጠረጴዛ ላይ የሚያነቡት ሰዎች አሉ፤ አንቺ ለእኔ ብለሽ አንድ ቃል ብትተነፍሺ ሰውዬው ተመልሶ ይገባል።

በሚቀጥለው ሳምንት እደርሳለሁ። ስመጣ እንደ ልማድሽ የመጻሕፍት ቦርሳዬን ላጥብልህ ብለሽ እንዳትነጥቂኝ። ስፌቱ ውስጥ የዳቦ ፍርፋሪ አለ፤ ራሴ አራግፈዋለሁ።

አምላክ ጉልበትሽን ያጽናልሽ፣ ደጃፍሽን በሰላም ይጠብቅልሽ።

ታናሽ ወንድምሽ፣
ቀጣፊው