የቁጥር 207 መስኮት

ሐምሌ 4

ለአርክቴክቸር የዝንባሌ ፈተና ሦስት መቶ አሥራ ሁለት ልጆች ተመዘገቡ።

ጠዋት የአራሚዎች ስብሰባ ነበር። የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ ቅጽ አደለን። «ከተፈታኞች መካከል የሥጋም ሆነ የጋብቻ ዘመድ የለኝም» ይላል። ፈረምኩ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ስፈርመው ኖሬያለሁ። ማንበቡን ካቆምኩ ቆይቷል።

ዘንድሮ የተመደብኩት ከስዕል መምህርቷ ጋር ነው። ከመጣች ሁለት ዓመቷ። ጋሼ ትለኛለች፣ ታከብረኛለች፣ ንቅንቅ ግን አትልም። ሁለታችን ካልተስማማን ወረቀቱ ወደ መቀስ ይሄዳል። መቀስ የሕንጻ ስትራክቸር መምህሩ ነው። ስሙን ያወጡለት ተማሪዎች ናቸው። እሱም ያውቃል... ደስ ሳይለውም አይቀርም።

የመጀመሪያው ዙር ጥያቄ፦ «በደንብ የምታውቁትን አንድ ክፍል በቃላችሁ ሳሉ። ሰው አትሳሉ። ሰው እንደሚኖርበት ግን ይታወቅ።» ሁለት ሰዓት። ማስመሪያ ክልክል። ጥያቄው የመምህርቷ ነው። ኃላፊው ሰው ሳይሳል እንዴት ሰው ይታወቃል ብሎ ጠየቃት። እሱን ነው የምንፈትነው አለችው። ጻፈው።

ስልሳ ልጆች ወደ ሁለተኛው ዙር ያልፋሉ። የምንቀበለው አርባ።

ሐምሌ 7

ልጄ ፋርማሲ እሞላለሁ አለች። እናቷ ፋርማሲስት ናት፤ ነገሩ ቤት ውስጥ ያለ ነው። ቅር አለህ ወይ ብላ ጠየቀችኝ። ለምን ቅር ይለኛል? ስለ ሙያዬ አንድ ደግ ነገር ስናገር ሰምታ አታውቅም። የምታውቀው ከግንበኛ ጋር ስጨቃጨቅ ነው።

ባለቤቴ በጠራራ ፀሐይ ኩሽና ውስጥ መብራት አበራች። ለምን ብዬ አልጠየቅኩም። ቤቱን የነደፍኩት እኔ ነኝ።

ሐምሌ 11

የፈተናው ቀን። አራሚ በዚህ ቀን ግቢ አይገባም፣ ደንብ ነው። የመታጠቢያ ቤቱን ቧንቧ ስጠግን ዋልኩ። ልጄ በጠዋት ቤተ መጻሕፍት ብላ ወጣች። ባለቤቴ በር ድረስ ሸኘቻት። ለቤተ መጻሕፍት ይህን ያህል መሸኘት?

ቧንቧው አሁንም ይንጠባጠባል።

ሐምሌ 13

እርማት ጀመርን። ወረቀቶቹ ላይ ስም የለም፣ ቁጥር ብቻ። ከሠላሳ ነው የሚታረመው፤ አሥር ለትዝብት፣ አሥር ለመጠን፣ አሥር ለምናብ።

ሃምሳ ሁለት አየሁ። ሠላሳ አንዱ የመኝታ ክፍል ነው። ከእነዚያ ውስጥ አሥራ አራቱ አልጋ ላይ የስልክ ቻርጀር ስለዋል። ሰው እንደሚኖርበት ይታወቃል፤ የትኛው ሰው እንደሆነ ግን አይታወቅም።

አንዱ በር ብቻ ስሎ ከበሩ ውጭ ስድስት ጫማ ደርድሯል። አምስቱ ጥንድ አላቸው፣ አንዱ ብቻውን ነው። ብዙ አየሁት። 27 ሰጠሁት። ጥንድ ካላቸው አምስት እንዴት ይሆናሉ? ስድስት ጥንድ ማለቴ ነው፣ ከአንዱ ጥንድ አንድ እግር ጎድሏል። ደክሞኛል።

ሐምሌ 14

ዛሬ ከበድ ያለ ቀን። ብዙ ወረቀት፣ ትንሽ ስዕል።

ቁጥር 207 ኩሽና ነው። እጁ ጥሩ ነው፤ መስመሩ አይንቀጠቀጥም። ትዝብቱ ግን ደካማ። መስኮቱ ያለቦታው ነው። በሩ የሚከፈተው በተቃራኒው ነው። መደርደሪያው ዝቅ ማለት ነበረበት። በደንብ የሚያውቁትን ክፍል ሳሉ ተብለው እንዲህ ከተሳሳቱ ምን ይባላል? 11።

ሐምሌ 15

ሰባ ስምንት ቀረኝ። ዓይኔ ቀልቷል።

ሐምሌ 17

እርማቱ አለቀ። በሁለታችን መካከል ከስምንት ነጥብ በላይ ልዩነት ያለባቸው ዘጠኝ ወረቀቶች ወጡ። ከመምህርቷ ጋር እነሱን ይዘን ተቀመጥን። ስምንቱን ጨረስን። በሦስቱ እኔ ለቀቅኩ፣ በአራቱ እሷ፣ በአንዱ ሁለታችንም ተሳስተናል። ዘጠነኛው 207 ነው። እኔ 11፣ እሷ 26።

«አሥራ አንዱን ያስረዱኝ፣ ጋሼ።»

«መስኮቱ ያለቦታው ነው።»

«ቦታው የት ነው?»

«በስተግራ። ከዕቃ ማጠቢያው በላይ።»

«ማን ነገረዎት?»

ወረቀቱን ወደ እኔ አዙራ ብርሃኑን በጣቷ ተከተለችው። ከመስኮቱ ይነሳል፣ ጠረጴዛውን ያቋርጣል፣ ወንበሩ ላይ ያርፋል። ይህ ልጅ ብርሃን ለምን እንደሚያስፈልግ ገብቶታል አለችኝ። እርስዎ ግን የሚያርሙት ሌላ ኩሽና ነው የሚመስለው...

ያኔ አየሁት።

ከጠረጴዛው አንድ እግር ሥር የታጠፈ ወረቀት አለ። አራት እጥፍ። ያጠፍኩት እኔ ነኝ። ወንበሩ ላይ በአንድ ትከሻው ብቻ የተንጠለጠለ ሹራብ። የኩባያው ጆሮ ወደ ግራ ዞሯል። እኔ ግራኝ ነኝ።

ሰው እንደሚኖርበት ይታወቅ ነበር የተባለው። ታወቀ።

እናሳድረው አልኳት። ፊቴን አይታ ምክንያቱን አልጠየቀችም። «ይደር» ብላ ጻፈችበት።

እቤት ስገባ ልጄ ኩሽና ነበረች። መብራት በርቷል። ሁለት መቶ ሰባት አንቺ ነሽ ወይ አልኳት። እናቷ የምታጥበውን ሳህን አስቀመጠች። እሷ ታውቅ ኖሯል። ነገር በሆዷ የምትይዝ ሴት ናት፤ ይህን የማውቀው ግን ሁልጊዜ ከነገሩ በኋላ ነው።

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ብነግርህ ታስተምረኝ ነበር፣ አባዬ።»

«ጥፋት ነው?»

«ያንተ ይሆን ነበር።»

መስኮቱን ለምን እንዳንቀሳቀሰችው ጠየቅኳት። እዚያ ወንበር ላይ ስትቀመጥ ብርሃን ፍለጋ ጋዜጣውን ወደ በሩ አዙረህ ነው የምታነበው አለችኝ፤ ነፍስ ካወቀች ጀምሮ እንደዚያ ስታየኝ ነው ያደገችው። በሩንም ለብርሃኑ ስትል ገልብጣዋለች። እኔ ጋዜጣ እንደማዞር አላውቅም ነበር።

ባለቤቴ ከፊት ከበቀለ ጆሮ ከኋላ የበቀለ ቀንድ ይበልጣል ብላ ወደ ሳህኗ ተመለሰች። ስትስቅ ከጀርባዋ ያስታውቅባታል።

ልጄ ስንት እንደሰጠኋት ጠየቀች። አልነግርሽም አልኳት። ዝቅ ያለ ነው ማለት ነው አለች። ከተፈታኝ ጋር ስለ ወረቀቷ ማውራትም በደንቡ ክልክል ነው መሰለኝ።

ሐምሌ 18

አሥራ አንዱና ሃያ ስድስቱ ሲካፈሉ አሥራ ስምንት ተኩል ነው። አምና ያለፉት ከሃያ በላይ ናቸው። መቀስ ቢያርመውም የእኔ ነጥብ አብሮ ነው የሚካፈለው፤ አሥራ አንዱ ከቆየ ትወድቃለች።

ከፍ ባደርገውስ? መምህርቷ አሳማኝ ሆና አሳመነችኝ ይባላል፣ ያለ ነገር ነው። ግን እርማቱ ሲዘጋ ስሞቹ ይከፈታሉ። ልጄ በእኔ ስም ነው የምትጠራው። ያኔ ማን ነው አሥራ አንዱን ወደ ሃያ አራት የቀየረው? አባቷ።

ዝም ብል እኔ ንጹሕ ነኝ። ለልጁ አሥራ አንድ የሰጠን አባት አዳላ የሚለው የለም። ከዚህ የተሻለ ምስክር ከየት ይገኛል? ንጽሕናዬ ግን የሚከፈለው በእሷ ነው።

ብናገርስ? ደንቡን አውጥቼ አነበብኩት፤ በአሥራ ዘጠኝ ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ። አራሚ ዘመዱን ካረመ ወረቀቱ ሊሰረዝ ይችላል ይላል። በዚያ ላይ የፈረምኩት ቅጽ አለ። አላውቅም ነበር ማለት ውሃ ያነሳል? እቤቴ የምትኖር ልጅ ናት።

ጠዋት ለልጄ ልናገር መሆኑን ነገርኳት። ሊሰርዙት እንደሚችሉም። የፋርማሲው ቅጽ እስከ ዓርብ ድረስ ክፍት ነው አለችኝ። ሳትሞላው ነው ለካ የቆየችው።

ከዚያ ቁርሷን በላች። እኔ አልበላሁም።

ሐምሌ 19

ኃላፊው ቢሮ ገባሁ። እኔና እሱ አብረን ነው ያረጀነው። ሁሉንም ነገርኩት። ሲሰማ እርሳሱን ይቀርጽ ነበር፤ እርሳሱ የተቀረጸ ነው።

«ስንት ነው የሰጠሃት?»

«አሥራ አንድ።»

«ታዲያ ምን ቸገረህ? አንተን ማንም አይናገርህም።»

የቸገረኝ እኔ አይደለሁም አልኩት። ወረቀቱ ለመቀስ ይሰጥ፣ የማን እንደሆነ ሳይነገረው። የእኔ ነጥብ ይውጣ። ካልሆነም ይሰረዝ፣ ግን ተጽፎ ይሰረዝ።

እርሳሱን አስቀምጦ እሺ አለ። መቀስ ዘንድሮ ከሃያ በላይ የሰጠው ለሦስት ሰው ብቻ መሆኑን ነገረኝ፤ ለእኔ ብሎ ነው። አውቃለሁ አልኩት። መምህርቷን አስጠርቶ የሆነውን ነገራት። አንገቷን ደፍታ ሰማች። ስትወጣ በር ላይ ቆም ብላ፣ የልጅዎ ወረቀት ባይሆንም ሃያ ስድስት ነው አለችኝ። ባይሆንም ብላለች? ቢሆንም ማለቷ ነው።

ሐምሌ 21

መቀስ አልጨረሰም። እሱ በቀን አሥር ነው የሚያርመው። በረንዳ ላይ አገኘሁት፤ ሰላም አለኝ። ሰላምታው ውስጥ ነጥብ ፈለግኩ። የለም።

ሐምሌ 22

ዓርብ። ልጄ የፋርማሲውን ቅጽ ይዛ ስትዞር ዋለች። ወደ አሥር ሰዓት ላይ ሳትሞላው የምዝገባው መስኮት እንደሚዘጋ ነገርኳት። አውቃለሁ አለች።

አልሞላችውም። 

ሐምሌ 25

መቀስ 19 ሰጠ። አስተያየት ጽፏል፦ «መደርደሪያው የተያዘበት አይታይም። ይወድቃል።» እውነቱን ነው። እቤትም አንዴ ወድቋል።

ሃያ ስድስትና አሥራ ዘጠኝ፣ ሃያ ሁለት ተኩል። መቁረጫው ሃያ ሁለት ሆነ። ሃምሳ ስምንተኛ ሆና አለፈች።

ለእኔ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ተጻፈልኝ። ሁለት መስመር ናት። ኃላፊው ራሱ ነው ያመጣልኝ፤ ፊርማዬን ሲቀበል ይቅርታ ጠየቀኝ። ከእርማት ወጣሁ። ለሁለተኛው ዙር የዕቃ ግዢ ተመደብኩ።

ሐምሌ 28

ሁለተኛው ዙር የሞዴል ሥራ፣ ቤት በካርቶን መሥራት ነው፤ በየዓመቱ ስለሆነ ምሥጢር አይደለም። ልጄ የጫማ ካርቶን ሰብስባ ጠረጴዛው ላይ ትቆርጣለች። ምላጩን አንዴ በኃይል ትጫነዋለች። ጠርዙ ይቦጫጨቃል። ደግማ ትጫነዋለች።

እንዴት እንደሚቆረጥ አውቃለሁ። አፌ ጫፍ ላይ ነበር። ቀና ብላ አየችኝ።

ወጥቼ ቧንቧውን ለማየት ሄድኩ።

ነሐሴ 2

ለፈተናው ስልሳ አምስት ሉህ ካርቶን ልገዛ ሄድኩ። ስልሳው ለልጆቹ፣ አምስቱ መጠባበቂያ። ሱቁ ጠባብ ነው፤ ሻጩ መሰላል ላይ ሆኖ ነው የሚያወራው። ወፍራሙን ነው ቀጭኑን አለኝ። ዝርዝሩ ላይ «ካርቶን» ነው የሚለው። ኃላፊው የጻፈው ነው፤ ለእሱ ካርቶን ካርቶን ነው።

ሁለቱንም አውርዶ አሳየኝ። ወፍራሙ ቀጥ ብሎ ይቆማል፣ ለመቁረጥ ግን እጅና ትዕግሥት ይፈልጋል። ቀጭኑ ይታዘዛል፣ ቶሎም ይጣመማል። ለአርክቴክቸር ወፍራም ነው ደንቡ። ቀጭኑ ይሁን አልኩት።

ሻጩ መቁጠር ጀመረ። በጣቱ ምራቅ እየነካ፣ ድምፁን አውጥቶ። አሥር ላይ ሲደርስ ለምን ቀጭን እንዳልኩ ገባኝ። ወፍራሙ ይቦጫጨቅባታል።

ወፍራሙ ይሁን ልለው አፌን ከፈትኩ። እሱስ? ለማን ብዬ ነው ወፍራም የምለው? እንዳላዳላ ብዬ? ያኔም የምመርጠው እሷን አይቼ ነው። ሌሎቹን ሃምሳ ዘጠኝ ልጆች አንዳቸውንም አላሰብኩም።

ሻጩ ሠላሳ አራት አለ። የግዢ ወረቀቱን ባንኮኒው ላይ አኖርኩና ሌላ ሰው ይመጣል አልኩት።

«የቱን ልበለው ታዲያ፣ አባቴ?»

እሱ ይምረጥ አልኩና ወጣሁ። ከኋላዬ ወፍራሙን ነበር እንዴ የፈለጉት እያለ ይጣራል። መንገዱን ተሻገርኩ።