ከመስታወት ጀርባ ስለተቆለፈው የሳይንስ ዜና

ለሰማይ ለምድር ለከበዱት የትምህርት ጽሕፈት ቤታችን ኃላፊ፣
ባሉበት

ክቡር ሆይ፤

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን እያቀረብኩ፣ ጤናዎ እንዴት እንደሰነበተ በትሕትና እጠይቃለሁ። ደረጃ ሲወጡ ትንፋሽ ያጥርዎታል ሲባል ሰምቼ፣ ቢሮዎን ወደ ምድር ቤት አውርደው ለእኛም ይቀርቡን ይሆናል ብዬ ተስፋ አድርጌ ነበር፤ ሊፍት መገጠሙን በሰማሁ ጊዜ ግን ስለ ትንፋሽዎ እፎይ አልኩ። እኔም ደህና ነኝ። የጠየቀኝ ሰው ስለሌለ ራሴን ጠይቄ የደረስኩበት መልስ ነው።

ምናልባት ዘንግተውኝ እንደሆነ፣ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ ባዮሎጂ ሳስተምር የኖርኩ፣ ተማሪዎቼ «ቲቸር ጋዜጣ» የሚሉኝ፣ አሁን ደግሞ በእርስዎ መልካም ፈቃድ የአሮጌ መጻሕፍት ማከማቻ ጠባቂ የሆንኩት መምህር ነኝ። ይህን ደብዳቤ በአደባባይ መጻፌ ቀደም ሲል የላክኋቸው ደብዳቤዎች በሥራ ብዛት ሳይደርስዎ ቀርተው ይሆናል ከሚል ቅንነት የመጣ ነው እንጂ፣ አንብበው ዝም ብለዋል የሚል ክፉ ሐሳብ በልቤ አድሮ አይደለም። አቤቱታ ለማቅረብም አልደፍርም፤ ያለብኝን ምስጋና በተራ ቁጥር ዘርዝሬ አቀርባለሁ።

፩. ስለ መስታወቱ አመሰግናለሁ። ደብዳቤውን የሚያነብ ሌላ ሰው ግር እንዳይለው ልግለጽ። በቤተ ሙከራው ፊት ለፊት ኮሪደሩ ላይ አንድ ያረጀ የማስታወቂያ ሰሌዳ ነበር። በየሳምንቱ ከጋዜጣ የቆረጥኩትን አንድ የሳይንስ ዜና በግራ በኩል በስፒል እሰካለሁ፤ ተማሪዎች ደግሞ ጥያቄያቸውን በቁራጭ ወረቀት ጽፈው በቀኝ በኩል ይሰካሉ። በምን ላይ ተሞከረ? ስንት ጊዜ? ወጪውን የቻለው ማነው? ሌላ ሰው ደግሞት ያንኑ አግኝቷል? የመማሪያ መጽሐፉ ሰዎች ተከራክረው የጨረሱትን ይነግራቸዋል፤ ዜናው ግን ገና ክርክር ላይ ያሉበትን ስለሚያሳያቸው፣ በሕዋስ ክፍፍል ምዕራፍ ላይ ያንቀላፉ የነበሩ ልጆች እዚያ ሰሌዳ ሥር ቆመው ሲጯጯሁ ደወሉ አይሰማቸውም ነበር። ጓደኞቹ «ጠበቃው» የሚሉት ረጅም ልጅ፣ ስለ አንድ ሩቅ ኮከብ ሙቀት የተጻፈ ዜና አንብቦ «ቲቸር፣ ሰውዬው ሄዶ ነክቶት ነው?» ቢለኝ፣ ስቄ ሳበቃ ሳይሄዱ እንዴት እንደሚታወቅ ሳስረዳ ሳምንቱ አለቀ። በሕይወቴ እንደዚያ ሳምንት ያስተማርኩበት ጊዜ ትዝ አይለኝም።

ታዲያ ከጽሕፈት ቤትዎ የመጡት ሱፐርቫይዘር ይህንን አይተው እጅግ ተደሰቱ፤ ሰሌዳውም «ሞዴል ሰሌዳ» ተባለ። ሞዴል ከሆነ ደግሞ አቧራ ሊነካው አይገባምና መስታወት ተገጠመለት፣ ለመስታወቱ ጓጉንቸር ተበጀለት፣ ቁልፉም ለክብሩ ሲባል ወደ እርስዎ ቢሮ ሄደ። የተማሪዎቹ ቁርጥራጭ ወረቀቶች ግን «ዝርክርክ ናቸው፣ ጥርጣሬም ለጎብኚ አይታይም» ተብለው ተነሡ። በመስታወቱ ውስጥ የቀረው ጥያቄ የሌለበት ዜና ብቻ ሆነ።

፪. ስለ ማህተሙ አመሰግናለሁ። በዚያ ሳምንት የተሰቀለው ዜና ርዕሱ «የስኳር በሽታ መድኃኒት ከደጃችን ተገኘ» የሚል ነበር። በአጥር ላይ የሚበቅል የአንድ ቁጥቋጦ ቅጠል ተጨምቆ ለአይጦች ቢሰጣቸው የደማቸው ስኳር ቀነሰ ይላል። ዜናውን የመረጥኩት ርዕሱ የሚያጋንነውን ነገር የመጨረሻው አንቀጽ በደቃቅ ፊደል ስለሚያርመው ነው፤ ያንን ልጆቹ ራሳቸው ፈልገው እንዲያገኙት ፈልጌ ነበር። አግኝተውትም ነበር። በመስኮቱ በኩል የምትቀመጥ አንዲት ዝምተኛ ተማሪ «ይህ የአይጥ መድኃኒት ነው፤ የሰው የሚሆነው መቼ ነው?» ብላ ጽፋ በቀኝ በኩል ሰክታው ነበር። የእሷ ወረቀት ከዝርክርኮቹ ጋር ሲነሣ፣ ዜናው ግን ከግርጌው «ተመርምሮ ጸድቋል» የሚል የጽሕፈት ቤትዎ ክብ ማህተም አረፈበት። ማን እንደመረመረው ለማወቅ ብጓጓም ትሕትና ይዞኝ አልጠየቅሁም።

፫. ስለ ወላጆች ቀን አመሰግናለሁ። እንግዶች በሞዴል ሰሌዳው ፊት እየተሰለፉ እንዲያልፉ ያደረጉት ዝግጅት በእውነት ያማረ ነበር። ከእንግዶቹ መካከል የዚያች ዝምተኛ ተማሪ እናት ነበሩ። ልብስ ሰፊ ናቸው፤ ልጃቸውን ያለ አባት በአንድ የስፌት መኪና ያሳደጉ፣ ስኳር ያለባቸው፣ በየዕለቱ መርፌ የሚወጉ ሴት። ዓይናቸው ደቃቅ ፊደል አይለይም፤ ርዕሱንና ማህተሙን ግን አነበቡ። ቤት ገብተው መርፌውን ተዉና ቅጠሉን ቀቅለው መጠጣት ጀመሩ። ልጅቱ «እማዬ፣ እሱ እኮ በአይጥ ነው የተሞከረው» ብላ ብትለምናቸው፣ «መንግሥት ማህተም የመታበትን ትቼ አንቺን ልመን?» አሏት። በዚህ እናትን መውቀስ አይቻልም፤ ማህተም የሚመታው እንዲታመን ነው።

ብዙም ሳይቆይ ያው ጋዜጣ በውስጥ ገጹ፣ ከጨረታ ማስታወቂያዎች ሥር፣ ቅጠሉ በሰዎች ላይ ተሞክሮ ምንም እንዳልፈየደ በሦስት መስመር ጻፈ። ቆርጬ ወደ ቢሮዎ ሮጥኩ። የልጅቱ እናት የሚጠጡትን ነገር እንኳ ያኔ አላውቅም ነበር፤ የሮጥኩት ውሸት ሆኖ የተገኘ ዜና በተማሪ ፊት ተሰቅሎ ማደር የለበትም ብዬ ብቻ ነው። ጸሐፊዎ በታላቅ ጨዋነት ተቀብላኝ፣ ሰሌዳው በጸደቀበት ሁኔታ ርክክብ ስለተፈጸመበት መለወጥ እንደማይቻል፣ ዜናው ስሕተት ከሆነም ዜናው ራሱ ማመልከቻ ማስገባት እንዳለበት የሚመስል ነገር አስረዳችኝ። ተመልሼ መጥቼ የቆረጥኳትን ወረቀት በመስታወቱ ላይ በፕላስተር ለጠፍኳት። በማግሥቱ ጽዳት ሠራተኛዋ ታዝዛ ላጠቻት፤ መስታወቱም ከበፊቱ የበለጠ አበራ።

ልብስ ሰፊዋ እናት ስፌት መኪናቸው ላይ ወደቁ። ሐኪሞች ነፍሳቸውን አተረፏት። ዓይናቸው ግን ከእንግዲህ ክርን በመርፌ ቀዳዳ ማሳለፍ አይችልም።

፬. ስለ ፍርዱ አመሰግናለሁ። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ይሉ ነበር አባቶች፤ እኔ ዳውላው ሆኜ በመገኘቴ እርስዎን ከድካም አሳርፌያለሁ። «ያልተረጋገጠ ዜና ለተማሪ በማሳየት» ጥፋተኛ ተብዬ ከክፍል ተነሣሁ፤ በጋዜጣ ማስተማርም ተከለከለ። ዜናው ግን የጽሕፈት ቤቱ ንብረት ሆኖ ስለተመዘገበ ከነማህተሙ እስከ ዛሬ በቦታው አለ። ጥፋቱ የእኔ ከሆነ እኔን አንሥቶ ጥፋቱን መስቀል እንዴት ያለ ጥበብ እንደሆነ፣ አእምሮዬ ጠቦብኝ ነው መሰለኝ፣ አልገባኝም።

አምስተኛውን በቁጥር ላስቀምጠው አልችልም። የመጻሕፍት ማከማቻው ጸጥ ያለ ነው። አንድ መስኮት አለው፤ እሱም ወደ ግንብ ይከፈታል። የክፍለ ጊዜ ደወል ሲደወል እግሮቼ ሳላዛቸው ይነሡና በሩ ድረስ ሄደው ይቆማሉ። ዛሬም ጋዜጣ እገዛለሁ፣ ዛሬም በመቀስ እቆርጣለሁ፣ ከዚያ የምሰጠው ሰው አጣለሁ። አንድ ቀን ስለ ንቦች የተጻፈ ደስ የሚል ነገር አግኝቼ ድምፄን ከፍ አድርጌ ለመደርደሪያዎቹ አነበብኩላቸው፤ አንዱም እጁን አላወጣም። እህቴ ከሩቅ አገር ስትደውል «ብቻህን ማውራት ጀመርክ እንዴ?» ትለኛለች፤ አይ፣ ትምህርት እያዘጋጀሁ ነው እላታለሁ። የሥራ ባልደረቦቼ ክፉ ሰዎች አይደሉም፤ ከእኔ ጋር ሲታዩ ግን ሻያቸው ቶሎ ያልቃል። ያቺ ተማሪ ኮሪደር ላይ ስታገኘኝ ፊቷን ወደ ግድግዳው ታዞራለች። ትክክለኛውን ጥያቄ የጠየቀች እሷ ነበረች፤ ወረቀቷን ሲያነሡባት ቆሜ ያየሁ እኔ ነኝ። ቢመቱኝ ይሻለኝ ነበር።

እንግዲህ ልመናዬ ትንሽ ናት። ወደ ክፍል ይመልሱኝ አልልም፤ ያ ለእርስዎ ብዙ ፊርማ ነው። ጓጉንቸሩ ይከፈትና ያ ወረቀት ይውረድ። በሚመጣው ወር ደግሞ የወላጆች ቀን አለ፤ ስኳር ያለበት ወላጅም በዚህ ከተማ አንድ ብቻ አይደለም።

ለመስታወቱ፣ ለማህተሙ፣ ለጸጥታው የማይነጥፍ ምስጋናዬን እያቀረብኩ፣ ለወንበርዎ ዕድሜ፣ ለሊፍትዎም የማይጠፋ መብራት ከልብ እመኛለሁ።

የእርስዎ ታዛዥ፣
የአሮጌ መጻሕፍት ጠባቂ፣ የቀድሞው «ቲቸር ጋዜጣ»

ማሳሰቢያ፦ ይህን ደብዳቤ የጻፈው የተቀየመ ሰው መሆኑን አንባቢ ልብ ይበል። የተቀየመ ሰው ሊያጋንን ይችላልና፣ ሌላውን ወገን ሳይጠይቁ አትመኑኝ ብዬ ተማሪዎቼን ወደ ቢሮዎ ልኬያቸዋለሁ። ይሁንና ከሁሉ ቀድመው የሚደርሱት ልብስ ሰፊዋ እናት ሳይሆኑ አይቀሩም። እኔን የጠየቁኝ የቢሮዎን ሰዓት ብቻ ነው፤ ካሳም አይፈልጉም፤ ማህተሙን የመታው ማን እንደሆነ ማወቅ ይሻሉ። በርዎ ላይ የተለጠፈውን ስም ዓይናቸው ስለማያነበው፣ ክቡር ሆይ፣ እባክዎ በአፍዎ ይንገሯቸው።