ከል ላይ ያደረ አምበር

ግንቦት 3 ቀን 1959
ሙቀት። ዛሬም ሙቀት። ከጣርማ በር የወረደ ሾፌር ሁሉ ሆቴሌ ገብቶ ቀዝቃዛ ውሃ ይለኛል... ከየት ላምጣ? ከበቡሽ ወጥ አሳረረች። ሠራተኛ ለመቆጣትም ጉልበት ይፈልጋል።

ሳጥኑን ከፈትኩ። የእናቴን የአንገት አምበር ክሩን አይጥ በልቶታል። ስንት ዘመን ቅቤ የጠጣ ክር፣ አይጥ ምን ያድርግ? ባሌ ለማ ከሞተ ወዲህ አልነካሁትም። ከል ለብሶ ጌጥ አለ እንዴ?

ግንቦት 4
አምበሩን ለሙሀባ ሰጠኋት። ገበያው ዳር ዋርካ ሥር ተቀምጣ ዶቃ ትሰካለች። ባሌ የሞተ ጊዜ ሰባት ቀን ከአጠገቤ ያልተነሳች እሷ ናት። እስላም ናትና የምንበላው ሥጋ አይገናኝም እንጂ ሌላው ሁሉ አንድ ነው። በጨርቅ እንደተቋጠረ እጇ ላይ አስቀመጥኩላት። ስንት ዶቃ እንዳለው እንኳ አላውቅም።

ግንቦት 7
አጥባ፣ አዲስ ክር አድርጋ አመጣችው። ደጅ ፀሐይ ላይ ተቀምጬ ሽንኩርት እልጥ ነበር። ጭኔ ላይ ከሌ ላይ አኖረችልኝ።

ሰማያዊ! መሀሉ ላይ ያለው ትልቁ አምበር ማር ነበር የሚመስለው። ይሄ ግን ውሃ ላይ የፈሰሰ ላምባ...

የኔን የት አደረግሽው አልኳት። የምቀልድ መስሏት ሳቀች። ፊቴን ስታይ ተወችው። አምበሩን በሻሿ አሸት አሸት አድርጋ ገለባ አስጠጋችበት። ገለባው ብድግ ብሎ ተለጠፈ።

"እውነተኛ ነው እትዬ ደብሪቱ። ውሸቱ ገለባ አያነሳም።"

እውነተኛነቱን ማን ጠየቀሽ፣ ቀለሙ የኔ አይደለም አልኩ። ጮኬ ነበር መሰለኝ። ከበቡሽ ከማድቤት ወጥታ ቆማ ሰማች።

"ወላሂ፣ የሰጡኝን ነው ያመጣሁት።"

ሌባ አልኳት። ውሃ እንኳ ሳትጠጣ ሄደች። አምበሩን ዳግመኛ ሳላየው ጠቅልዬ ሳጥን ውስጥ ወረወርኩት። የሰው ዕቃ ምን ያደርግልኛል?

ግንቦት 21
ወሬው ከተማውን ሞልቶታል። ከበቡሽ መች አፏን ትይዛለች... እኔስ ይዣለሁ? ለጎረቤቴ ለንግሥት የነገርኳት እኔው ነኝ።

ገበያ ወረድኩ። ሙሀባ ዋርካው ሥር ባዶ እጇን ተቀምጣለች። ፊት ሦስት አራት ሴት አያጣትም ነበር። አየችኝ። አንገቴን ደፋሁ። ተሰራቂዋ እኔ፣ አንገት የምደፋው እኔ?

ሰኔ 2
ደክሞኛል። ሌላ የሚጻፍ የለም።

ሰኔ 11
ጌጥ ነጋዴ የሆነ ሳልህ የሚባል ሽማግሌ ከደሴ መጥቶ አደረ። ቁርሱን ሲበላ፣ እስቲ ይሄ ምንድን ነው ልለው አምበሩን አወጣሁ። ጨርቁን ፈታሁ።

ቢጫ። ማር። ያው የእናቴ። በልጅነቴ በጥርሴ የነከስኩበት ጭረት ሳይቀር።

የሆነውን ሁሉ ነገርኩት። ሰውየው ይዞኝ ደጅ ወጣ። ነጭ ጋቢው ላይ አኖረው፤ ቢጫ ነው። "አሁን ቀሚስዎ ላይ ያድርጉት" አለኝ። አደረግኩት። ሰማያዊ።

ፀሐይና ጥቁር ነገር አንድ ላይ ካላገኘ ቀለሙን አያሳይም አለ። እንዲህ ያለው ብርቅ ነው፣ ዕድሜዬን ነግጄ ይሄ ሁለተኛዬ ነው አለኝ። እሸጠው እንደሆን ጠየቀኝ። የመለስኩለትን አላስታውስም።

እናቴ ነጭ ለብሳ ኖረች። እኔም ለማ እስኪሞት። ሃያ ዓመት አንገቴ ላይ አስሬው አላወቅኩትም። ከል ለበስኩና... ምን አደረግኩ እኔ?

ሰኔ 12
ሙሀባ ቤት ልሄድ ተነስቼ ከበሩ ተመለስኩ። አፈርኩ።

ሰኔ 14
ገበያ ነው። ሄድኩ። ከቤቷ ሄጄ በጆሮዋ ብነግራት ይቀለኝ ነበር፤ ግን ስሟን ያጠፋሁት ገበያ ላይ ነው። ንግሥትን አስከትዬ ዋርካው አጠገብ ፀሐይ ላይ ቆምኩ። ሴቶቹ ተሰበሰቡ። ከሌ ላይ አሳየኋቸው። በንግሥት ነጭ ነጠላ ላይ አሳየኋቸው። ሌባ ያልኳት እኔ ነኝ፣ የሳትኩትም እኔ ነኝ አልኩ።

ሁሉም አምበሩን ያያል። ሙሀባ ግን እኔን ነበር የምታየው።

"አውፍ ብያለሁ" አለች፤ ይቅር ማለቷ ነው።

ቤት ገብቼ አለቀስኩ። ለማ ከሞተ ወዲህ እንዲህ አላለቀስኩም።

ጥቅምት 14 ቀን 1960
የለማ ሙት ዓመት ትናንት ወጣ። ዛሬ ከሌን አወለቅኩ። አምበሩን ባደርገው ክሩ ረዘመብኝ። አንገቴ ከስቷል ለካ።

ሙሀባ ጋ ወሰድኩት። ዋርካው ሥር ሰው አላት፤ ደስ አለኝ። ከፊቴ የነበረችውን ሴትዮ ዶቃ እንዲሁ ተቀብላ ጉያዋ ከተተችው። እኔም እንደ ድሮው ሳላይ ዘረጋሁላት።

አልተቀበለችኝም። ከተቀመጠችበት ሰሌን ሥር ቁራጭ ጥቁር ጨርቅ አወጣች። ፀሐይ ላይ አነጠፈችና አምበሩን እንዳኖርበት በእጇ አሳየችኝ። ሰማያዊ። ከዚያ ነጭ ሻሿ ላይ። ቢጫ።

"አይተዋል እትዬ?"

አይቻለሁ አልኳት።

"ዶቃውንም ይቁጠሩልኝ።"

ቆጠርኩ። ከትልቁ ሌላ አሥራ አንድ ነው። ያኔ በሁለት እጇ ተቀበለችኝ። ስለ ጤናዬም ጠየቀችኝ፣ እንደ ድሮው።

አሥራ አንድ መሆኑን ዛሬ ገና አወቅኩ።