ራንደል የዘፈዘፈው ሽንጥ

ለምወድሽ ልጄ ለዶሪን፤

እንደምን አለሽልኝ? ጤናሽስ? ባልሽ ክሌይ የጦር ሰፈሩ ሥራ ቀለል አለለት ወይ? ትንሿ ልጅሽ ጆሲስ ሳሏ ለቀቃት? ጀርመን አገር ገና ብርድ ነው ሲሉ ሰምቼ በሐሳቤ ብርድ ልብስ ስደራርብላችሁ ነው የማድረው። እኔ አለሁ።

ወንድምሽ ራንደል ሊሞት ሰሞን የአሳማ ሽንጥ በጨውና በስኳር ውሃ ዘፍዝፎ፣ አጠንፍፎ፣ በሲባጎ አስሮ ፍሪዘር ውስጥ አስቀምጦ ነበር። "እማ፣ የፋሲካ ነው፣ እንዳትነኪብኝ" ብሎኝ ነበር። ፋሲካ እሱ ከተቀበረ በኋላ መጣ። አልነካሁትም። ፍሪዘሩን እከፍትና ሲባጎውን አይቼ እዘጋዋለሁ።

ባለፈው ሳምንት አውሎ ነፋስ የመብራቱን ምሰሶ ጣለው። መብራቱ ይመጣል ይመጣል ስል ቆይቼ ፍሪዘሩን ብከፍተው ሽንጡን በረዶው ለቆታል። መልሼ ላቀዘቅዘው አልችል፣ ልጥለው አልችል፤ እዚያው ተቀምጬ አለቀስኩ።

ጎረቤታችን ጋሽ ኦቲስ ሰምተው መጡና ነካ ነካ አደረጉት። "ገና ቀዝቃዛ ነው፣ አልተበላሸም። ዛሬ ካልተጠበሰ ግን ነገ የውሻዬ ነው" አሉኝ። እርስዎ ይጥበሱልኝ ብላቸው፣ "እኔ የጠበስኩትን ልጅሽ ምን ይለው እንደነበር ረሳሽው? የጫማ ሶል! እሳቱን ላያይዝልሽ፣ ሌላውን አንቺው ተወጪው" አሉ።

ራንደል ስጋ በሚጠብስበት በርሜል ላይ፣ በሂክሪ እንጨት ፍም ጣድኩት። እሱ ሽንጥ መሃሉ ትንሽ ሮዝ ሳለ ይውጣ ይል ነበር። እኔ ግን ማውጣት አቃተኝ። ካወጣሁት ያልቃላ! ጋሽ ኦቲስ "አንቺ ሴትዮ፣ ከሰል ልታደርጊው ነው እንዴ?" እያሉ ይጮሁብኛል፤ እኔ ክዳኑን ከፍቼ መልሼ እዘጋለሁ። እሳቱ ራሱ ሲደክም አወጣሁት።

ደርቆ ቀርቷል ብዬ ነበር። ስቆርጠው ግን ወዙ በቢላዋው ላይ ወረደ። ጋሽ ኦቲስ አንድ ቁራጭ አላመጡ። "የልጅሽ ጨው ውሃ ነው ካንቺ እጅ ያዳነው" አሉና ኮፍያቸውን ዓይናቸው ድረስ ሳቡት። ጨው እስከ መሃሉ ገብቷል። የራንደል ጣዕም ነው፤ ሌላ ምን እንደምለው አላውቅም።

ላንቺ አንድ ቁራጭ አስቀርቼልሽ ነበር። የፖስታ ቤቷ ልጅ "እማማ፣ ስጋ ባሕር አይሻገርም" ብላ መለሰችኝ። ትናንት እሱንም ቆሜ በላሁት። አሁን በዚህ ቤት እጁ የነካው የሚበላ ነገር የለም። ሌላ ሽንጥ ገዝቼ ልዘፍዝፍ እልና እተወዋለሁ። እሱ ጨዉን የሚሰፍረው በእፍኙ ነበር፤ የእኔ እፍኝ ትንሽ ነው።

ክሌይን እናቴን ናፍቀሃታል በይልኝ። ጆሲን ሁለቱንም ጉንጯን ሳሚልኝ። አንቺ ደግሞ አብረሽው ስትዘፈዝፊ ነው ያደግሽው፤ የወንድምሽ እፍኝ ምን ያህል እንደነበር ትዝ ካለሽ ጻፊልኝ።

እናትሽ ቨርና
ሄንደርሰን፣ ቴኔሲ
ሜይ 9