እርሾው ጥፋት የለበትም

ለካንሰር ሕክምና ክፍል ኃላፊ
ቀን፦ ማክሰኞ፣ ከቀጠሮዬ ማግስት

ጉዳዩ፦ ሐኪሜ በሰጡት ምሳሌ ምክንያት የተጣለብኝ እገዳ እንዲነሣልኝ ስለመጠየቅ

ክቡር ሆይ፣

1. እኔ አመልካች በዳቦ ቤታችን ሊጥ አቡኪ ነኝ። ከተጋባን ጀምሮ ከባለቤቴ ጋር በአንድ ጠረጴዛ ፊት ለፊት ቆመን አቡክተናል፤ የተኳረፍን ቀን እንኳ ሊጡ አስታርቆን ይውላል። በቅርቡ በክፍልዎ የጡት ካንሰር እንዳለብኝ ተነገረኝ።

2. ሐኪሜ መልካም ሰው ናቸው፤ ክሴም በእሳቸው ላይ ሳይሆን በምሳሌያቸው ላይ ነው። ለእኔ፣ ለባለቤቴና ለታላቅ እህቱ ነገሩን ሲያስረዱ፣ በእያንዳንዱ ሕዋስ በር ላይ መልእክት ተቀባይ አለ አሉን። «እደግ፣ ተባዛ» የሚል መልእክት ሲመጣ ተቀብሎ ወደ ውስጥ ያስተላልፋል፤ መልእክቱ ሲያበቃ ዝም ይላል። በእኔ ዕጢ ላይ ግን ተቀባዮቹ ከልክ በላይ በዝተው፣ ማንም ሳይልካቸው ቀን ከሌት «ተባዛ» ይላሉ። በመርፌ የሚሰጠኝ መድኃኒት አፋቸውን የሚያስዘጋ ነው። እስከዚህ ጥሩ ነበር። ፈዘን ስናያቸው ጊዜ ግን አዘኑልንና፣ ዳቦ ጋጋሪዎች መሆናችንን አስታውሰው፣ «በቃ፣ እርሾ እንደበዛበት ሊጥ ቁጠሩት» አሉ።

3. የባለቤቴ እህት፣ ቤተሰቡ ኮማንደር የሚላት፣ ቤት እስክንደርስ እንኳ አልታገሠችም። «እርሾ ከሆነ ጠላቷ፣ ከእርሾ ጋር ምን ያውላታል?» ብላ ታክሲ ውስጥ ፈረደች። ይግባኝ የለም። ከዚያ ወዲህ ከቤታችን ጋር ግድግዳ የሚጋራው ዳቦ ቤት ደጃፍ አልደርስም። የሚቀርብልኝ እርሾ አልባ ቂጣ የጫማ ሶል ነው። መስኮቱ ላይ የነበረው አበባ ቶሎ ቶሎ ያድጋል ተብሎ ለጎረቤት ተሰጠ። ትንሿ ልጄም ቁመቷን በበሩ መቃን ላይ መለካት ተከለከለች፤ በዚህ ቤት የማደግ ወሬ እንዳይነሣ። ባለቤቴ ከሥራ ሲገባ እጁን እስከ ክርኑ ሳይታጠብ አይስመኝም፤ ታጥቦም ይፈራል። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ይሉ የለ፤ ካንሰሩን መምታት ቢያቅታቸው እርሾውን መቱት።

4. ትናንት ብቻዬን መጥቼ ይህን ለሐኪሜ ባጫውታቸው መጀመሪያ ሳቁ፣ ቀጥለው ደነገጡ። እርሾ ከሕመሜ ጋር ምንም እንደማያገናኘው፣ አቅሜ እስከፈቀደም መሥራት እንደምችል ነገሩኝ። ይህንን ቤት ወስጄ ብናገር፣ ኮማንደር «ሥራ ናፍቋት ነው» ብላ ፋይሉን ዘጋች።

5. በመጀመሪያው ቀን ሐኪሙ ያልደበቁን ሌላ ነገር አለ። መድኃኒቱ አንዱን በር ቢዘጋም፣ ካንሰሩ አንዳንዴ ውሎ አድሮ ሌላ በር ያገኛል። ባለቤቴ የፈራው ይህንን እንጂ እርሾን እንዳልሆነ አውቃለሁ። እኔም እፈራለሁ። ነገር ግን ከግድግዳው ወዲያ ብቻውን ሲያቦካ እየሰማሁ እጄን አጣምሬ መቀመጥ ከሕመሙ ይብስብኛል።

6. ስለዚህ ሐኪሜ ባለቤቴንና እህቱን አስጠርተው እርሾ ንጹሕ መሆኑን በገዛ አንደበታቸው እንዲነግሩልኝ፣ ምሳሌ ካስፈለጋቸውም በቤተሰባችን ማንም የማይሠራበትን ሙያ እንዲመርጡ በትሕትና አመለክታለሁ። የባለቤቴ ወንድም ቧንቧ ሠራተኛ መሆኑን ከወዲሁ አሳውቃለሁ።

ያለኝ ጊዜ ረጅምም ይሁን አጭር፣ ከባለቤቴ ጋር እያቦካሁ ላሳልፈው እፈልጋለሁ።

ዱቄት ከናፈቀው እጅ፣ ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፣

(ፊርማ)
ሊጥ አቡኪዋ